የእግሬ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማርታ ቦሌ ወደሚገኝ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ጉልበቴን ነው። ሰሚት የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ከወደቅኩ ጀምሮ የእሁድ ሩጫዬ ቀርቷል። ሩጫ ስል፣ የሰፈር ሴቶች ተጠራርተን በማለዳ የምንወጣው ሶምሶማ ነው፤ ግማሹ ሩጫ፣ ግማሹ ወሬ። ቢሆንም የኔ ነው። በየእሁዱ በረንዳ ላይ ቆሜ እነሱ ሲያልፉ እያየሁ አንጀቴ ሲያርር ስለከረመ፣ ልጄ "እንሂድ፣ ልምምድ ያስጀምሩሻል" ስትለኝ ሳትጨርስ ነው የተነሳሁት።

ሐኪሙ ጎረምሳ ነው። ጉልበቴን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ የተነሳሁትን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ደጋግሞ አየ። "ጎበዝ ነዎት እማማ" አለኝ። እማማ ያለኝን እንኳ ልተወው፤ ገና ሃምሳ መግባቴ ነው። ከዚያ ልጄን በዓይኑ ጠራትና ተከታትለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እኔ እግሬን ዘርግቼ አልጋው ላይ ቀረሁ። ጉልበቱ የኔ፣ ወሬው የእነሱ! በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፃቸው ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይለይም። ማርታ ተመልሳ ስትገባ ፈገግ ብላ ነበር። ሁሉም አሪፍ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው አለችኝና ጫማዬን ልታደርግልኝ ጎንበስ አለች።

ደሜ ፈላ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ አንድ መኸር ሙሉ ያገኘኝ ሰው ሁሉ እንደዚያ ሲስቅልኝ ነው የከረመው። መኪና ውስጥ ገብተን ማርታ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ስታወራ፣ እኔ ያን ጊዜ አስብ ነበር።

ያኔ ሯጭ ነበርኩ። ዝነኛ ሯጭ አላልኩም፤ ሯጭ። ከመንዝ መጥቼ የአንድ መሥሪያ ቤት የአትሌቲክስ ክለብ ተቀብሎኝ፣ ከአያት አለፍ ብሎ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ዛሬ አያት ሲባል ፎቅና ባቡር የሚታየው ሰው ያኔ የነበረውን ቢያይ አያምንም። ከግቢያችን በር ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው የሚታየው ገብስ፣ ጤፍ፣ ጭቃና በሬ ነው። ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየሙ የተገጠገጠበት መሬት ዳር እስከ ዳር እርሻ ነበር። የጋሪ መንገድ መሀሉን አቋርጦ ይሄዳል፤ እኛ እሱ ላይ ነበር የምንሮጠው።

አሰልጣኛችን ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ደግ ሰው ነበሩ። ሰው መቆጣት አይችሉበትም፤ የሚያስቆጣ ነገር ሲገጥማቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያካሉ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ። ከልጆቹ ሁሉ የምቀርባት ደግሞ ዘነበች ነበረች፤ እንደ እኔው ከገጠር የመጣች፣ ረጅም፣ ወሬ የማታበዛ ልጅ። ጎረቤቴ ስለነበረች ጠዋት በሬን ቆርቁራ የምትቀሰቅሰኝም፣ ማታ በሶ በጥብጣ የምታጠጣኝም እሷ ናት። እህት ነበረችኝ ብል አላጋነንኩም።

እኛ ዘንድ ልምምድ የሚሠራው በሰልፍ ነው፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆኖ። የኋላው ሰው ዓይኑን ከፊተኛው ተረከዝ ላይ አይነቅልም፤ ፊተኛው ሲያነሳ ያነሳል፣ ሲጥል ይጥላል። መንገዱን የሚመርጠውም፣ ፍጥነቱን የሚወስነውም ፊት ያለው ነው፤ ድንጋይ ካለ በእጁ ያሳያል፣ ጉድጓድ ካለ ይዞራል። ከኋላ ያለው ሥራው ማመን ብቻ ነው። ይሄን የምላችሁ በኋላ የማወራው ነገር ለምን እንዲህ እንዳቃጠለኝ እንዲገባችሁ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የካ ተራራ ጫካ ውስጥ ቁልቁል ስንወርድ ቅጠል የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። የቁርጭምጭሚቴ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ከፊት የነበረችው ዘነበች ሳትቀር ሰማችው። ክረምቱን በሙሉ እግሬ በጀሶ ታስሮ ተጋደምኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ እትዬ በላይነሽ አጥሚት ሲያጠጡኝ፣ ልጆቹ ከልምምድ ጭቃቸውን ይዘው መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ሲቀመጡ፣ እንዲያ ሆኖ አለፈ። ጀሶው ሲፈታ እግሬ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ ወጣ። ሐኪሙ ሳታጣድፊው ቀስ በቀስ ትመለሻለሽ አለኝ።

ቀስ በቀስ ማለት ለሱ ቀላል ነው። የክለቡ ማጣሪያ ኅዳር ማብቂያ ላይ ነበር። እሱን ካለፍኩ ሯጭ ነኝ፤ ካላለፍኩ ሻንጣዬን ይዤ አገሬ ተመልሼ፣ አባቴ የመረጡልኝን ሰው የማገባ ልጅ ነኝ። ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ትምህርቴን ትቼ ነው የመጣሁት፣ አባቴን አስቀይሜ ነው የመጣሁት፤ ያን እግር መመለስ ነበረብኝ።

መስከረም ላይ በእርምጃ ጀመርኩ፣ መስቀል ሲያልፍ ወደ ሶምሶማ ገባሁ፣ ጥቅምት ላይ መሮጥ ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ ከቡድኑ ጋር ለመቀላቀል ገና ነሽ ብለው ከዘነበች ጋር ለብቻዬ እንድሠራ አደረጉ። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፣ ሣሩ ላይ ጤዛው ነጭ ሆኖ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ገብሱ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ስንመለስ ገበሬዎቹ በኦሮምኛ እየቀለዱብን የባቄላ እሸት በእቅፋችን ይሰጡናል፤ እየፈለፈልን፣ እየበላን፣ ላባችን እየደረቀ እንመጣለን። እግሬ ያመኛል። አንዳንድ ቀን መሬት ሲነካ ዓይኔ ይጨልማል። ግን እየተመለስኩ ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ለምን አይመስለኝም? ዘነበች ዳገቱ ላይ ታለከልካለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ቆይ እንጂ ወይንሸት፣ ልትገይኝ ነው?" ትለኛለች። እኔ ክንፍ አወጣለሁ። ጋሽ ደምሴ መንገዱ መጨረሻ ላይ ሰዓታቸውን ይዘው ይጠብቁናል፤ ያዩትና ቶሎ መዳፋቸው ውስጥ ይደብቁታል። ስንት ሆነ ስላቸው ሰዓት አታስቢ፣ በርቺ የኔ ልጅ፣ በጣም ጥሩ ነው ይሉኛል። ልጆቹ ሲያገኙኝ በርቺ ይሉኛል። እትዬ በላይነሽ እግሬን እያዩ ዳነልሽ እኮ ይላሉ። አገር ሙሉ እየሳቀልኝ ነበር።

ከዚያ የማጣሪያው ዋዜማ መጣ። ገና ሰማዩ ሳይገርጥ በሬ ተንኳኳ። ዘነበች መስላኝ ስከፍት እትዬ በላይነሽ ነጠላ ተከናንበው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጋሽ ደምሴ ጋቢ ለብሰው፣ ከእሳቸው ኋላ ዘነበችና ሌሎች የክለባችን ልጆች። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም። ገቡና በየጥጉ ተቀመጡ። እትዬ በላይነሽ እጄን ይዘው አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝ፣ እሳቸውም አጠገቤ ተቀመጡ።

አገራችን ውስጥ ሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዓይነት ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሞት ሊነግር ነው። እናቴ አገር ቤት በሳል ታማ ከርማ ነበር። "እናቴ ናት?" አልኳቸው። ሁሉም አቀረቀሩ። ጩኸቴን ለቀቅኩት። ደረቴን እየደቃሁ፣ እማዬ እማዬ እያልኩ መሬት ልወርድ ስል ጋሽ ደምሴ ደንግጠው ብድግ አሉ።

"ኧረ እናትሽ ደህና ናት" አሉ። "ክለቡ ነው።"

ለቅሶዬን አቋረጥኩት። ክለቡ ምን ሆነ ስላቸው ኮፍያቸውን ፈለጉ፤ አላደረጉም ነበር፣ ስለዚህ ባዶ ራሳቸውን አከኩ። ከዚያ እንደ ምንም ተናገሩ። ክለቡ የተጎዳ ሰው አያቆይም ብሎ በቦታዬ ሌላ ልጅ ተክቷል፤ ስሜ ማጣሪያው ውስጥ የለም። መቼ ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ በላይነሽን አዩ። ደግሜ ጠየቅኩ።

"ነሐሴ ላይ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ነሐሴ! ገና ጀሶ ላይ ሳለሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጭቃቸውን ሲያራግፉ ያውቁ ነበር። እግሯ ይዳንና ይነገራታል አሉ፤ እግሬ ሲድን እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ በበዓል ክፉ ወሬ አይነገርም ብለው አሳለፉት፤ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ መስቀል መጣ፣ መስቀል ሲያልፍ እኔ ሶምሶማ ጀመርኩ፣ አሁን ደግሞ ሞራሏ ይነካል አሉ። በየወሩ ደመወዝሽ ነው ብለው የሚሰጡኝን እንኳ ከየኪሳቸው ያዋጡት ነበር። ይሄን ስሰማ ማመስገን ነበረብኝ መሰለኝ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። ሌሎች ክለቦች ሰው የሚቀበሉት መስከረም ላይ ነው፤ እኔ በሕመም ጥርሴን ነክሼ ለሌለ ማጣሪያ ስሮጥ በሩ ሁሉ ተዘግቷል። ለሞት ይሁን እሺ። የሞተን ሰው ወሬ ቀድመው ቢነግሩህ የምትለውጠው ነገር የለም፣ አልቅሰህ ትቀብራለህ። የኔ ጉዳይ ግን ገና በሕይወት ነበረ፤ እነሱ ናቸው እስኪሞት የጠበቁት።

እትዬ በላይነሽ "እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉኝና ከነጠላቸው ሥር ሳህን አወጡ። ንፍሮ ነው። ሌሊቱን ተነስተው ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ቀቅለዋል። ለቅሶ ቤት እንደሚመጣ ሰው፣ ለአንድ ክለብ ንፍሮ! ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ደግሞ አበደች ብለው ተያዩ።

እዚያው ሳቄ መሀል ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ወደ ዘነበች ዞርኩ። በር አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከኔ ቤት ወጥታ ወደ ልምምድ ልትሄድ ስለነበር ቱታዋን ለብሳ፣ የሩጫ ጫማዋን አድርጋለች።

"ማለክለክሽስ?" አልኳት።

የቱ ማለክለክ አለችኝ፣ የምን እንደሆነ እያወቀች። ልትገይኝ ነው ስትዪኝ የነበረው አልኳት። ጋሽ ደምሴ ጣልቃ ገቡና እንዳይከፋሽ ብዬ እኔ ነኝ ያዘዝኳት አሉ።

እናቴ ሞታለች ብዬ ስጮህ ያላመመኝ ቦታ ያን ጊዜ አመመኝ። ክለቡስ ይቅር። ከዚያ መኸር የኔ ያልኩት አንድ ነገር ነበር፤ እግሬ መዳኑን፣ መፍጠኔን በገዛ ዓይኔ ያየሁት መስሎኝ ነበር። ያየሁት ግን የዘነበችን ተረከዝ ነው። እሷ ቀስ ባለች ቁጥር እኔ የፈጠንኩ እየመሰለኝ። ተነስቼ ጫማዬን አደረግኩ። ክሩ አልታሰር አለኝ።

"ውጪ" አልኳት። "እስከ ባህር ዛፎቹ ከኔ ጋር ትሮጫለሽ። የእውነትሽን።"

አልሮጥም አለች። እግርሽ ይጎዳል አለች፣ ዛሬ አይሆንም አለች፣ አለቀሰች። ካልሮጠች እስክሞት ድረስ እንደማላናግራት ነገርኳት፤ አላስፈራራኋትም፣ ከልቤ ነበር። ወጣች። ሰዉም ተከትሎን ወጣ፤ እትዬ በላይነሽ ሳህናቸውን እንደያዙ፣ ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ተው እያሉ። ጎህ ቀዷል፣ የጋሪው መንገድ ላይ ጭጋግ አለ።

ስንጀምር እንደ ልማዷ ከፊቴ ያዘች። እንደ ልማዷ ቀስ አለች። "ውሸታም!" ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ። አንዴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ሄደች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ያን ሁሉ ሳምንት ዓይኔን ያልነቀልኩበት ተረከዝ ከፊቴ ጠፋ። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፣ እግሬን ረሳሁት፣ ሳንባዬ ተቃጠለ፤ እሷ ግን እየራቀች፣ እያነሰች፣ የእህል አውድማውን አልፋ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባች። ባህር ዛፎቹ ሥር ስደርስ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ትንፋሿ የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። እኔ ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ ብዬ አለከለክኩ።

"ይሄን ያህል ነው?" አልኳት መናገር ስችል።

"ይሄን ያህል ነው" አለች። ከዚያ ሳልጠይቃት ቀጠለች። "ለዘንድሮ አትደርሺም። እግርሽንም እያበላሸሽው ነው። ከኋላዬ ስታነክሺ ኮቴሽን እሰማው ነበር፤ በየቀኑ እሰማው ነበር።"

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የንዴት ለቅሶ። ዘነበች አጠገቤ ተቀመጠች። ፀሐይ ወጣች፣ ገበሬዎቹ በሬዎቻቸውን ይዘው ወደ አውድማው መጡ፤ ሁለት ልጃገረድ ሜዳ ላይ ተቀምጠው ሲላቀሱ አይተው በሌላ በኩል ዞረው አለፉ። ከነሐሴ ወዲህ ስለ እግሬ እውነቱን የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች፣ በእግሯ ቀድማ፣ በአፏ አስከትላ። በእሷ ላይ የነበረኝ ንዴት እዚያው ባህር ዛፍ ሥር ቀረ።

የሌሎቹ ግን አልቀረም። ልምምዱን አቁሜ እግሬን አሳረፍኩት፤ እስኪድን ድረስ እትዬ በላይነሽ ጓዳ እየሠራሁ ቆየሁ፣ ከዚያ የእውነት ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ከዓመት በኋላ አንድ ትንሽ ክለብ ተቀበለኝ፤ ጥቂት ዓመት ሮጥኩ፣ ማንም ስሜን አያስታውሰውም፣ ከዚያ የስፖርት መምህር ሆንኩ። ጋሽ ደምሴ ከሞቱ ቆይተዋል። ለቅሶ ሄጄ ከልቤ አለቀስኩላቸው፣ አባት ነበሩና። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ እናደድባቸው ነበር። ደግነታቸውን አልክድም። ግን ደግነት ነው ተብሎ ሦስት ወር የሕይወቴን ወሬ ከኔ በቀር ሰው ሁሉ ሲያውቀው መኖር ምን እንደሚመስል፣ የደረሰበት ያውቀዋል። እስከ ዛሬ ሰው በርቺ ሲለኝ ፊቱን ነው የማየው።

ማርታ መኪናውን ወደ ሰሚት መታጠፊያ ስታስጠጋ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። አልኩሽ እኮ እማዬ፣ አሪፍ ነው አለች። ከዚያ፣ መሪውን እያየች፣ ቅዳሜ አባዬም አክስቴም ሲኖሩ ቁጭ ብለን ብናወራ አይሻልም አለችኝ። ቅዳሜ! ተሰብስበው! ንፍሮው ብቻ ነው የቀረው።

"መኪናውን አቁሚ" አልኳት።

ድምፄን ሰምታ ዳር አስያዘች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀብን፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሰደበን። ልጄ ቀበቶዋን አልፈታችም፣ ወደኔም አልዞረችም።

"ከእንግዲህ መሮጥ አትችይም ነው ያለው" አለች። "ሶምሶማም ቢሆን። መራመድ ብቻ።"

ሶምሶማም ቢሆን። የእሁዷን አስፋልት አሰብኳት፣ ሴቶቹን አሰብኳቸው፣ ያን የማይረባ ደረጃ አሰብኩት። ጎረምሳውን ሐኪም በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። ጉልበቴን በጡጫ መታሁት፤ የባሰ አመመኝ። ማርታ ያን ጊዜ ዞራ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ።

"አይደለሁም" አልኳት።

አይዞሽ ልትል አፏን ከፈተች፣ ፊቴን አየችና ተወችው። ክፉ ነገር በሰዓቱ ሲነገር ሕመሙ አይቀንስም፤ እኔም ይቀንሳል አላልኩም። ግን የሚያናድደኝን ነገር ራሴ ልናደድበት፣ በጊዜው፣ ገና ትኩስ ሳለ። ከዚህ ሌላ ከሰው የጠየቅኩት ነገር የለም።

ልጄ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ "እኔም በጣም ተናድጃለሁ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ፈገግታው ጠፍቷል።